ቦራዋ የሮጠችበት ቀን

ጻፊ ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። የልጄ ልጆች በስልካቸው የፈረስ እሽቅድምድም ሲያዩ ነበር፤ የሌላ አገር ነው። ፈረሶቹ ቅቤ የተቀቡ ይመስል ያብለጨልጫሉ፣ ሴቶቹ ሰፌድ የሚያህል ባርኔጣ ደፍተዋል፣ ሜዳው እንደ ምንጣፍ አረንጓዴ ነው። ትንሿ ዞር ብላ፣ «አያቴ፣ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ኖሮ ያውቃል?» አለችኝ። «እንዴታ! እዚሁ ጅጅጋ ሜዳ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ» ስላት ሁሉም ሳቁብኝ። ባርኔጣ ነበራችሁ ወይ፣ ሣር ነበረ ወይ፣ ማን አሸነፈ እያሉ አዋከቡኝ። ማን አሸነፈ ለሚለው መልሱ ረጅም ነው። ጀመርኩላቸው፤ እነሱ ግን መች ቁጭ ብለው ይሰማሉ፣ ገና ፈረሷ ሳትሮጥ ተነሥተው ሄዱ። «ጻፊውና እናነበዋለን» አሉኝ ከበሩ ላይ። እኔ የተማሪ ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ዛፍ ሥር፣ የበኩር ልጄን እያጠባሁ ነው። እንግዲህ እጄ እንደመራኝ እጽፈዋለሁ።

ጅጅጋ ተወልጄ ጅጅጋ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አያቴ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ነው። እግሬ ግን አንድ ቦታ አይረጋም። አንዷ ልጄ ቀብሪበያ አግብታ ትኖራለች፣ ወንዱ ጉናጋዶ ያስተምራል፤ እኔ በመሃል እንደ ሚኒባስ ስመላለስ እኖራለሁ። «እማዬ፣ አንድ ቦታ ተቀመጪ» ይሉኛል። ተቀምጬስ ምን ልሠራ?

ጎረቤቴ ጋሪ ነጂ ነበር። ሶማሌ ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አያንስም፣ ግን ጢሙን በሂና ስለሚያቀላው ከሩቅ ሲያዩት ጎልማሳ ይመስላል። «ዋላል» ይለኛል፣ እህቴ ማለቱ ነው፤ እኔም «ወንድሜ» እለዋለሁ። የእሱ አማርኛ የገበያ ነው፣ የእኔም ሶማሊኛ የገበያ ነው። በዚያ ቋንቋ መቀለድ ይቻላል፣ መጣላት ግን አይቻልም፤ ገና ሳይሞቅ ቃል ያልቅብናል። ሚስቱ የግመል ወተት ነጋዴ ናት። ልጆቻቸው ባሕር ተሻግረው ሄደዋል። ቤት ውስጥ የቀሩት ሁለቱ፣ አንድ የወንድሙ ልጅ፣ ከዚያ ደግሞ ፈረሷ ናቸው።

ፈረሷ ባዝራ ናት። መልኳ ዳማ ሆኖ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦራዋ እንላታለን። ውርንጭላ ሳለች እናቷ ስለሞተችባት የሰውየው ሚስት በግመል ወተት ነው ያሳደገቻት። አድጋም ጣዕሙን አልረሳችው፤ ወተት የያዘች ሴት በአጠገቧ ካለፈች አፍንጫዋን ታነፈንፋለች።

ይቺ ቦራ አለንጋ አታውቅም። ልጓሟንም የሚስባት የለም። መንገድ ዳር እጁን ያነሣ ሰው ካየች ራሷ ቀስ ትልና ጠጋ ብላ አጠገቡ ትቆማለች። ሰውየው እስኪሳፈር አትንቀሳቀስም። ጋሪው ከበድ ሲላት፣ ወይም ጌታዋ «ካሌይ» ሲላት፣ ነይ እንደማለት ነው፣ ያን ጊዜ ትነሣለች። ጋሪ ነጂው ከፊት ተቀምጦ ጫቱን እየቀነጠበ ከተሳፋሪ ጋር ያወራል፤ ሥራውን የምትሠራው እሷ ናት።

ይህ ጠባይዋ አንዳንዴ ጣጣ ነበረው። አንድ ቀን ሁለት ሴቶች መንገድ ዳር ሲጣሉ አንዷ እጇን አንሥታ ብትሳደብ ቦራዋ ሄዳ በመሃላቸው ቆመች። ሴቶቹ ደንግጠው ጠባቸውን አቆሙ፤ ጋሪ ነጂው፣ «ወዴት ላድርሳችሁ?» ሲላቸው በሳቅ ፈነዱ። የትራፊክ ፖሊሱማ ይወዳታል። እጁን ሲዘረጋ ቆማ ስትጠብቀው፣ «በዚህ ከተማ ሕግ የምታከብር ተሽከርካሪ አንቺ ብቻ ነሽ» ይላታል፤ ባጃጆቹ በግራና በቀኝ ሽው እያሉ ያልፉታል።

ባጃጁ ነው እንግዲህ ጉዱ። ድሮም ነበረ፣ ግን በከተማው ረብሻ ተነሥቶ የነበረበት ክረምት አልፎ ሰው ትንፋሽ ሲያገኝ ባጃጅ እንደ አንበጣ ወረደ። ቀጥሎ ጋሪ አስፋልት ላይ እንዳይወጣ ተባለ። ቦራዋ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ለውስጡ አቧራ ገባች። ተሳፋሪዎቿ እንደ እኔ ያሉ፣ ወገባቸውን የሚያማቸውና የማይቸኩሉ ሰዎች ብቻ ሆኑ። የወንድም ልጅየው በየቀኑ ያንኑ ይላል።

«አዴር፣ እንሽጣትና ባጃጅ እንያዝ።»

አዴር አጎቴ ማለቱ ነው። አጎትየው ይህን እንዳትሰማ ይመስል የቦራዋን ጆሮ ያሻሻል።

በዚያ ጊዜ ነው ግቢዬ ውስጥ ያለችውን አንዷን ክፍል አንድ ወጣት የተከራየኝ። አዲስ የተቋቋመ የፈረስ ስፖርት ማኅበር ቀጥሮ የላከው ነው። አገሩ አገው ምድር ነው፣ ፈረስ የሞላበት። ስለ ፈረስ ሲያወራ ዓይኑ ውኃ ይሞላል። «እማማ፣ ሶማሌ ዱሮ በፈረስ የታወቀ ሕዝብ ነው። ጅጅጋ ሜዳን የመሰለ መጋለቢያስ የት ይገኛል? እሽቅድምድሙን ዳግም እናስነሣዋለን» ይለኛል። ሥራው በየወረዳው ዞሮ ፈረስ ማፈላለግ ነው። ሶማሊኛ አይችልም፤ እኔ ደግሞ መሄድ እወዳለሁ። አስተርጓሚ ሆንኩለት። በስተርጅና ሥራ ያዝኩ ብዬ ልጆቼን አሳቅኳቸው።

ልጄ፣ ያየነው ነገር! በመጀመሪያ ኮርቻ ሰፊ ፈለግን። አንድ ታዋቂ ሽማግሌ አለ ተብለን ሄድን። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ሲሰፋ አገኘነው፤ የሚሰፋው ግን የባጃጅ ወንበር ነው። ቀይ ፕላስቲክ ላይ ነጭ ክር። ተከራዬ ስለ ኮርቻ ሲጠይቀው ሽማግሌው መርፌውን አፉ ውስጥ ይዞ ቀና አለና፣ «ይኸው ኮርቻ፤ ሦስት ሰው ይጭናል» አለው። በኋላ ግን ከጣሪያው ሥር አንድ አሮጌ ኮርቻ አውርዶ አሳየን። ቆዳው ላይ የተጠለፈው ሐረግ ገና አልደበዘዘም። ልጁ ኮርቻውን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ያዘው። ሽማግሌው ያን ሲያይ ቀልዱን ተወ።

ወደ ቀብሪበያ ወጣን። ከገበያው ዳር በፈረሶቹ የሚታወቅ ሰው ነበረ።

«ፈረስ አለህ ወይ ብሎሃል» አልኩት በሶማሊኛ።

«ነበረኝ» አለ። «አሁን ልጓም አለኝ። ልጓሙን ይውሰደውና ይሩጥለት።»

ጎኑ የነበሩት ሳቁ። ተከራዬ ምን አለ ሲለኝ፣ «የለም ብሏል» አልኩት። ሰውየው ግን ልቡ ከፋው መሰለኝ፤ ተከትሎን መጣና ነገረን። ዝናቡ እንደ ዱሮው አይደለም፣ ሣሩ ታጥሮ ተወስዷል፣ ፈረስ ወተት አትታለብ ሥጋዋ አይበላ፤ ለውበቷ ብቻ ማን ይቀልባታል? ልጆቹም መጋለብ አይፈልጉም፣ መንዳት ነው የሚፈልጉት። «ፈረስ ያለው ሰው ዱሮ ሠርግ ላይ ይፈለግ ነበር» አለ። «አሁን መኪና ያለው ነው የሚፈለገው።» ይህን ሲል አላማረረም። የሞተ ዘመዱን እንደሚያስታውስ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የተናገረው።

እንዲህ እንዲህ እያልን፣ እዚህ አንድ እዚያ አንድ፣ ጥቂት ፈረሶች ተገኙ። ልጁ ግን ደስ አላለውም። አብዛኞቹ የከሱ ናቸው፣ ከአንድ ጥቁር ፈረስ በቀር፤ እሱ ከጉናጋዶ በኩል ያለ የአንድ ከብት አርቢ ነው።

ታዲያ አንድ ከሰዓት፣ ከቀብሪበያ ስንመለስ፣ ከተማው ልንገባ ስንል ሰማዩ ጠቆረ። ቦራዋ ሜዳው ላይ ተፈትታ ትግጥ ነበር። መብረቁ ጓ ሲል ጆሮዋን አቆመችና ወደ ቤቷ ተነሣች። ተነሣች ማለት ምን ያደርጋል! ጅራቷን እንደ ባንዲራ አቁማ ከሚኒባሳችን ጎን ጎን መጣች፣ ከዚያ አለፈችን። ሾፌሩ ነዳጅ ጨመረ፤ አልደረሰባትም። ተከራዬ መስኮቱን ከፍቶ ግማሽ አካሉን አወጣ።

«እማማ! ይቺ የማናት?»

«ጋሪ ናት እኮ» አልኩት። «የጎረቤቴ ጋሪ።»

ከዚያ ወዲያ ቦራዋ ዕረፍት አጣች። ልጁ ሄዶ ጋሪ ነጂውን ለመነው። በዒድ ማግስት ሜዳው ላይ እሽቅድምድም አለ፤ ያሸነፈውን ፈረስ ማኅበሩ ይወስደዋል፣ አዲስ አበባ አጠገብ ማሠልጠኛ አለ፣ ገብስ እየበላ ሐኪም እያየው ለክልሉ ይሮጣል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ ተነሡ። የሰፈራችን ፈረስ ክልሉን ልትወክል! ጋሪ ነጂውን መንገድ ላይ እያስቆሙ ይመርቁታል። ወሬው ገበያ ሲደርስ ደግሞ አንድ የከብት ነጋዴ መጣ። ቦራዋን ዞሮ ዞሮ አየ፣ ጥርሷን አየ፣ እግሯን ዳሰሰ። ባታሸንፍ እንኳ ጥሩ ከሮጠች እኔ እገዛታለሁ፣ ድንበር ማዶ የሩጫ ፈረስ የሚፈልጉ አሉ ብሎ ለወንድም ልጅየው ነገረው። ልጅየው ባጃጁን የገዛ ያህል ተደሰተ።

ጋሪ ነጂው ምን ይበል? ለክልሉ ክብር ነው የተባለውን ነገር፣ በሽማግሌ ፊት፣ አይሆንም ማለት አይቻልም። «ኢንሻ አላህ» አለ። እኔ ግን ነገሩ ገብቶኛል። ካሸነፈች አዲስ አበባ፣ ከተሸነፈች ነጋዴው። በሁለቱም በኩል ቦራዋ ከደጃፉ ልትወጣ ነው። ተከራዬን፣ «ሰውየውም አብሯት ይሂድ» ብዬው ነበር። ጠይቆ መጣና፣ ለሽማግሌ የሚሆን ቦታ የለም አሉኝ ብሎ አንገቱን ደፋ። እሱንም አሳዘነው። እንግዲህ መሄዷ ካልቀረ አሸንፋ ትሂድ፣ ገብስ ትብላ አልኩ በልቤ።

አንድ ጠዋት ጋሪው ላይ ከፊት ከጎኑ ተቀምጬ ወደ ገበያ ስንሄድ፣

«ዋላል» አለኝ። «እዚያ ደጋው ብርድ አለ?»

«አለ። ጠዋት ጠዋት ውርጭ ነው ይላሉ።»

«የግመል ወተትስ?»

«ከየት መጥቶ!»

አንድ ሰው እጁን አነሣ፤ ቦራዋ ቆመች፤ ሰውየው ተሳፈረ፤ ሄድን።

የሚጋልባት የወንድም ልጅየው ሆነ፣ ቀላል ስለሆነ። ሚስትየዋ ከምትሸጠው ወተት ትቀንስና ታጠጣታለች። ኮርቻ ሰፊው የባጃጁን ሥራ አቁሞ አሮጌውን ኮርቻ አድሶ ሰጣቸው፤ በነፃ። «አንድ ቀን እንኳ ጀርባ ላይ ይዋል» አለ።

የዒድ ማግስት ሜዳው ላይ ያልወጣ አልነበረም። እኛም ክርስቲያኖቹ ወጣን። ሻይ የሚያፈሉት፣ ሳምቡሳ የሚጠብሱት፣ በአዲስ ልብሳቸው አቧራ ላይ የሚንከባለሉት ልጆች፤ በዚያ ላይ የካራማራ ተራራ ከኋላ ተቀምጦ ያያል። ፈረስ እንዳይደነግጥ ብለው ሽማግሌዎቹ ሕዝቡን በዱላ እየገፉ ጉብታው ላይ አወጡት። መሮጫው ባዶ ሜዳ ነው፤ መጨረሻው በኖራ የተሰመረ ነጭ መስመር። መስመሩ ጋ ተከራዬ ብቻውን ይቆማል። ጋላቢዎቹ መጨረሻውን እንዲያዩ ባንዲራ በእንጨት ላይ አስሮ መሬት ውስጥ ተክሎ ነበር። ሊጀመር ሲል ጋሪ ነጂው ወደ እሱ ሄዶ በጆሮው አንድ ነገር ሲለው አየሁ። ልጁ ራሱን ነቀነቀና ባንዲራውን ነቀለው። ሰውየው ተመልሶ ከእኔ ጎን መጥቶ ቆመ። ሂና የቀባውን ጢሙን ደጋግሞ ይዳብሳል።

«አይዞህ ወንድሜ» አልኩት።

«እሺ» አለኝ።

ተለቀቁ። መጀመሪያ አቧራው ብቻ ነው የሚታየው። ከአቧራው ውስጥ ጥቁሩ ፈረስ ወጣ፣ ከጎኑ ቦራዋ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ የሶማሌውም የእኛም እልልታ አንድ ላይ። ከግማሽ በኋላ ቦራዋ ትታው ሄደች። እንዴት እንደምትሄድ! ጋሪ ጎታች የነበረች አትመስልም፤ ሆዷ መሬት የሚነካ ይመስላል፣ ጋማዋ የጋላቢውን ፊት ይሸፍነዋል። የሰፈሩ ሽማግሌ አንዱ ዱላውን ወርውሮ እኔን አቀፈኝ። ሴት መሆኔን የረሳው ይመስለኛል። ጥቁሩ ፈረስ ከኋላ ሩቅ ቀረ። አለቀ፣ አሸነፍን ብለን መጨፈር ጀመርን።

ተከራዬ መስመሩ ጋ ቆሞ፣ ፈገግታው እኛ ድረስ እየታየ፣ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ አነሣ።

ቦራዋ አየችው።

ጆሮዋ ወደ ፊት ቀና ሲል ታወቀኝ። ሩጫዋን ቀነሰች። ከዚያ ሶምሶማ ሆነ፣ ከዚያ እርምጃ። ወደ ጎን ጠጋ አለችና፣ ነጩ መስመር ላይ ሳትደርስ፣ ልጁ አጠገብ ቆመች። አንገቷን ዞር አድርጋ እስኪሳፈር ጠበቀችው።

ሕዝቡ ምን እንደሆነ አልገባውም። ጋላቢው ረገጣት፣ ጮኸባት፣ ሰደባት፤ ምንም። ተሳፋሪ ሳይወጣ እንዴት ትነሣለች? ተከራዬ እጁን እንዳነሣ ደርቆ ቀረ፤ ማውረዱ እንኳ ጠፋበት። ያን ጊዜ ከጉብታው ላይ አንዱ፣

«ውጣ እንጂ! ታስጠብቃታለህ እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

ሌላው ተቀበለው፤ «ወዴት ነህ ወንድም? ታይዋን ገበያ ነው?»

ከዚያ በኋላ ሜዳው ሳቅ ሆነ። ሳቅ ብቻ አይደለም፣ መሬት ላይ የተንከባለሉ አሉ። የትራፊክ ፖሊሱ ዕንባውን በመለዮው ይጠርጋል። በዚያ መሃል ጥቁሩ ፈረስ፣ ምላሱ ወጥቶ፣ አጠገቧ አልፎ መስመሩን ተሻገረ። ከኋላ የነበሩትም አንድ በአንድ አለፉ።

እኔ አልሳቅኩም። ጎኔ የቆመውን ሰው ማየት ፈራሁ። እሱ ግን ቀስ ብሎ ሜዳውን አቋርጦ ሄደ፣ አንገቷን አቀፋት፣ ፊቱን ጋማዋ ውስጥ ቀበረው። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። የሚያለቅስ መሰለን። ከዚያ «ካሌይ» አላት። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ ነጩን መስመር ከሁሉም መጨረሻ ተሻገሩ።

ነጋዴው የዚያኑ ዕለት ሄደ። «እጅ ባየች ቁጥር የምትቆም የሩጫ ፈረስ ማን ይገዛኛል?» ብሎ ለወንድም ልጅየው ነግሮታል። ልጅየው አጎቱን ለብዙ ጊዜ አኮረፈው፤ በኋላ የሰው ባጃጅ ይዞ መንዳት ጀመረ። ጥቁሩ ፈረስ አንገቱ ላይ አበባ ተደርጎለት በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ተሸኘ። ተከራዬ ሦስት ማዕድ አንድ ላይ ትቶ ክፍሉ ውስጥ ተኛ። እኔ ነኝ ሾርባ የወሰድኩለት።

«እማማ፣ የሰውየውን ዕድል ገደልኩት።»

«አንተ ምን አደረግህ? እጅ ስታይ እንደምትቆም ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጋሪ ስላልነበራት ረሳነው።»

ሌላም ሊለኝ ፈልጎ ተወው። በማግስቱ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀው። ጋሪ ነጂው ሻይ አጠጣው፣ ጉንጩን መታ መታ አድርጎ፣ «አንተ ጥሩ ልጅ ነህ» አለው።

እኔም ላጽናናው ሄድኩ። የማጽናኛ ቃሌን በሶማሊኛ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ገና አፌን ስከፍት፣ «ዋላል፣ ነገ ገበያ ትሄጃለሽ?» አለኝ። ጠዋት ስወጣ ቦራዋ በሬ ላይ ቆማለች። እጄን እንኳ አላነሣሁም።

እሽቅድምድሙ እንደገና ይደረጋል ተብሎ ነበር። ተከራዬ ኖራውን በጆንያ አድርጎ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጦ ጠበቀ። ከዚያ ወረርሽኙ መጣ፣ ሰው መሰብሰብ ቀረ። ማኅበሩም ደመወዝ መላክ አቆመ፣ ስልክም የሚያነሣለት ጠፋ። ልጁ ወደ አገሩ ሲመለስ ኖራውን ትቶልኝ ሄደ፤ በእሱ ነው አጥሬን የቀባሁት። ቀጥሎ ደግሞ ድርቁ መጣ። በዚያን ጊዜ ጉናጋዶ ወንድ ልጄ ጋ ነበርኩ። በመንገዱ ዳርና ዳር የወደቀውን ከብት አልጽፈውም። ፈረስ ያላቸው ሰዎች ልጓም አውልቀው ለቀቋቸው፤ ሣር ካገኘች ትኑር ብለው።

እዚያው ገበያ ውስጥ የጥቁሩን ፈረስ ባለቤት አገኘሁት። ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጧል። አወቀኝ፤ «የዚያች የጋሪዋ ጎረቤት» አለኝ። ፈረሱ እንዴት ሆነ አልኩት። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ፎቶው ላይ ፈረሱ አበባውን እንደለበሰ አይሱዙ ላይ ቆሟል።

«የደጋው ብርድ ሳንባውን መታው» አለኝ። «በመጀመሪያው ክረምት ነው አሉ። የነገሩኝ ዘግይተው ነው።» ስልኩን በጋቢው ጫፍ ወለወለና መልሶ ኪሱ ከተተው። «አሸናፊ ነበር እኮ» አለኝ።

«ነበር» አልኩት።

ቦራዋ ድርቁን አለፈችው። ጋሪ ነጂውና ሚስቱ እነሱ ሳይበሉ ለእሷ አገዳ ሲፈልጉ ነው የከረሙት፤ ወተት ሲገኝ ከወተቱ፣ ፉርሽካ ሲገኝ ከፉርሽካው። ጋሪው ተሳፋሪ ባያገኝም አሸዋ ጫነ፣ ውኃ ጫነ፣ እኔን ጫነ። ሁለቱም አረጁ። ሰውየው ጢሙን መቀባት ተወና ድንገት ሽማግሌ ሆነ። ዘንድሮ ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ከሰላት ተመልሶ ጋደም እንዳለ ሞተ። ቀብሪበያ ነበርኩ፤ ሳልቀብረው ቀረሁ።

ሚስቱ ቤቱን ዘግታ ወደ ዘመዶቿ፣ ወደዚያው ወደ ቀብሪበያ፣ ቦራዋን ይዛ ሄደች። ባለፈው ልጠይቃት ሄድኩ። ቦራዋ ነጩ ግንባሯ ብቻ ሳይሆን ፊቷ በሙሉ ሸብቷል፤ ምንም አትጭንም። ከግቢው ውጪ ጥላ ለጥላ ስትሄድ አየኋትና እጄን አነሣሁ። መጣች። አጠገቤ ቆመች። አንገቷን ዞር አድርጋ ጠበቀችኝ። ዕንባዬ መጣ።

«አይ ቦራ» አልኩ። «ያን ቀን ያ ልጅ እጁን ባያነሣ ኖሮ...»

ሴትየዋ ወተቱን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው እየገለበጠች ነበር። እጇን ሳታቆም፣ ሳትቸኩል፣ ነገረችኝ። ተከራዬ መጨረሻውን በባንዲራው ሊያሳይ ነበር፤ «አቧራው ይከልለዋል፣ እጅህን ከፍ አድርገህ አንሣ፣ ጋላቢው እንዲያይህ» ብሎ በጆሮው የነገረው ባሏ ነው። በዒድ ዋዜማ ጠዋትም፣ ቦራዋንና የወንድሙን ልጅ ብቻ አስከትሎ ሜዳው ላይ ወጥቶ፣ ልጁን ከሩቅ አስጋልቦ፣ እሱ ራሱ መስመሩ በሚሰመርበት ቦታ ላይ ቆሞ እጁን አንሥቶ ነበር። ልጁ ደክሟት ነው ብሎ አለፈው። ቦራዋ ግን ቆማለታለች። ያን ቀን ጋማዋ ውስጥ ፊቱን ቀብሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያየነውም ልቅሶ አልነበረም፤ እየሳቀ ነበር።